የአባ እርጋታ ቀኝ እግር

ጉዱን ሁሉ ያመጣው የሒሳብ አስተማሪው ሆድ ነው። የበላው ነገር ይሁን የመንገዱ ጠመዝማዛ እንጃ፣ ጠዋት ሆዱን ይዞ ከአልጋዬ አልነሳም አለ። ለሽርሽር ከመጡት የትምህርት ቤት ሰዎች መካከል ባሕሩ ዳርቻ ላይ ዮጋ ሊሠሩ ከተመዘገቡት ስድስት ሰዎች አንድ ጎደለ ማለት ነው። የምታሠራቸው ሴትዮ ደግሞ ሰዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋ ስለምታቆም ጎዶሎ ቁጥር አትወድም። የቀሩት መምህራን እንቅልፋቸው ላይ ናቸው፤ ታዲያ ማን ይሙላላቸው? ዞር ቢሉ ያመጣቸው ሹፌር እጅጌውን ሰብስቦ የአውቶቡሱን መስተዋት ይወለውላል።

አባ እርጋታ ይሉታል። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሃያ ዘጠኙን ያሳለፈው መሪ ጨብጦ ነው። እሱ ሲነዳ ተሳፋሪ ያንቀላፋል፤ እንቁላል በቅርጫት የያዘች ሴት እንኳን ቅርጫቷን እግሯ ሥር አስቀምጣ ወሬዋን ትቀጥላለች። ምሥጢሩን ሲጠይቁት፣ መኪና የሚነዳው በእጅ ሳይሆን በእግር ነው ይላል። በሌላ ነገር ጉራ አያውቅም፣ በዚህች ግን ይጎርራል። አዲስ የሚቀጠሩትን ሹፌሮች ሰብስቦ፣ ፍሬን በዓይን አይፈለግም፣ እግር ራሱ ያውቀዋል እያለ ሲያስተምራቸው ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር።

ይህን ጉራ ግን ሁለት ወር ሙሉ አልደገመውም። ከሁለት ወር በፊት አውቶቡሱን ወደሚሠራበት የትራንስፖርት ድርጅት ግቢ ሲያስገባ፣ በሩን አልፎ ያለችው ቁልቁለት ላይ መኪናው አልቆምልህ አለውና የጋራዡን ግንብ ገጨ። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ግንቡ ግን ተደረመሰ፣ የአውቶቡሱ አፍንጫ ተጨፈለቀ፣ ሥሩ ገብተው ሲያዩም የፍሬን ዘይት ቱቦው ተበጥሶ ተገኘ። ምን ሆነህ ነው ሲሉት፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ረግጬዋለሁ፣ አልያዘም አለ። መርገጡን ስሙን የሚያውቀውን ያህል ያውቃል፤ አልዋሸም። ችግሩ፣ ያንን ፍሬን ከአደጋው ሁለት ቀን በፊት የሠራው የገዛ ሚስቱ ታናሽ ወንድም መሆኑ ነው።

ይህን ወንድሟን፣ አጭርና ጠንካራ ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ብሎን ይለዋል። ገና ጎረምሳ እያለ እጁን ይዞ ድርጅቱ ያስቀጠረው ራሱ ሹፌሩ ነው። ብሎን ቱቦውን አጥብቄዋለሁ፣ የተበጠሰው ግንቡን ሲመታ ነው ብሎ ማለ ተገዘተ። ማን ይስማው? በዚህ በኩል የቆመው ሃያ ዘጠኝ ዓመት ድመት እንኳን ያልገጨ ሹፌር ነው። ብሎንን በአንድ ገጽ ደብዳቤ አሰናበቱት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጋራዦች ና ሥራ ብለው ቢጠሩት አሻፈረኝ አለ፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ የሰፈሩን ሬዲዮና ካውያ ይጠግናል። ዘመድ አዝማዱ ኩራት ነው፣ ጥጋብ ነው እያለ አማው።

ሚስቲቱ መሀል ቤት ተሰንጋ ቀረች። አንድ ቀን የታጠበ ልብስ እያጠፈች፣ «አንተ አትዋሽም፤ እሱም አይዋሽም። እኔ ማንን ልመን?» አለችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የብሎን ስም በዚያ ቤት አይነሳም። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ብቻዋን ወንድሟ ዘንድ ሄዳ ትውላለች፣ እሱ ደግሞ የት ነበርሽ ብሎ አይጠይቅም። ሃያ ስድስት ዓመት አብረው የበሉ ባልና ሚስት ጨው አቀብለኝ፣ ጨው አቀብዪኝ ብቻ ሆኑ።

እንግዲህ መምህራኑን ለሽርሽር ወደ ባሕሩ ያመጣቸው ሰው ይህን ሁሉ በሆዱ የያዘ ሰው ነው። ዮጋውን እምቢ ለማለት ያልደረደረው ምክንያት የለም። ቀበቶ ታጥቄያለሁ አላቸው፤ ፍታው አሉት። የሞተሩን ዘይት ልይ አላቸው፤ ዘይቱ የትም አይሄድም አሉት። ከእነሱ ጋር የመጣችው የትምህርት ቤቱ ነርስ፣ አፏ ሹል ሆኖ ሆዷ የዋህ የሆነች ሴት፣ ጋሼ ሰው ሁሉ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ማን ያይሃል ብላ ክንዱን ይዛ ጎተተችው። ጫማውን አውልቆ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ አስቀመጠና በባዶ እግሩ ተከተላቸው።

የመጀመሪያው ድንጋጤ የጠበቀው አሸዋው ላይ ነው። ምራቃቸውን የዋጡ የትምህርት ቤት ሰዎች፣ በግርማቸው ግቢ የሚያንቀጠቅጡት ርዕሰ መምህርት ሳይቀሩ፣ በየምንጣፋቸው ላይ በእጅና በእግራቸው ቆመው መቀመጫቸውን ወደ ሰማይ አንስተዋል። ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ጨነቀው። አሠልጣኟ ደግሞ ቀጠን ባለ ድምፅ፣ አሁን አተነፋፈስ እንማራለን አለች። ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አስተማሪ ሳይቀጥር ሲተነፍስ የኖረ ሰው ምን ይበል? ከእሱ ጋር ለተጣመረችው ነርስ፣ ይህን ለሚስቴ ብነግራት ፀሐይ መትቶታል ትላለች ብሎ አንሾካሾከላት።

ቀጥሎ በአንድ እግር መቆም መጣ። ሹፌሩ ደስ አለው፤ የእግር ነገር ከሆነማ የኔ ነው ብሎ ቀኝ እግሩን ተክሎ ግራውን አነሳ። ወዝወዝ አለ እንጂ ቆመ። አሠልጣኟ ዓይናችሁን ጨፍኑ ስትል ግን ጨፍኖ ሁለት እንኳን ሳይቆጥር በጎኑ ዘጭ አለ። ሁሉም ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። ተነስቶ ቢሞክር እንደገና ወደቀ። ስልሳ የሚጠጉት ርዕሰ መምህርት ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ምሰሶ ቆመዋል፣ በእግሩ የሚምለው ሹፌር አፈር ይልሳል። በሁለቱም እግርህ ቁም ብላ ነርሷ አዘዘችው፤ ዓይኑን ሲጨፍን ያኔም ተንገዳገደ። ነርሷ መሳቋን አቆመች።

«ደም ነው እንዴ ያ?» አሉ ርዕሰ መምህርት።

ምንጣፉ ላይ መዳፍ የሚያህል ቀይ ነገር ተነጥፏል። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ከአውቶቡሱ ጀምሮ እስከ ምንጣፉ ድረስ፣ አሸዋው ላይ አንድ ዱካ እየዘለለ ቀይ ነጠብጣብ ተሰልፏል። ሹፌሩ ክው አለ። አንዲቱ መምህርት የተጎዳች መስሎት ዞር ዞር ብሎ ተመለከተና «የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሰው ሁሉ ወደሱ እግር ያያል። አጎንብሶ ቀኝ ተረከዙን ቢያነሳ አውራ ጣት የሚያህል የጠርሙስ ስባሪ ተሰክቶበታል። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶበታል፣ ቆሞበታል፣ ወድቆበታል፣ ወባ ትንኝ የነከሰችውን ያህል እንኳን አልተሰማውም።

ነርሷ አስቀምጣ ስባሪውን ነቀለችለት። ሲነቀልም ፊቷን እያየ ነበር፣ ቅንድቡ እንኳን አልተነቃነቀም። ደሙን አስራ ካቆመች በኋላ ከአሸዋው ዳር አንድ ደረቅ ሣር ቀጨችና ጋሼ ዓይንህን ጨፍን፣ በነካሁህ ቁጥር አሁን በለኝ አለችው። ጨፈነ። የባሕሩን ድምፅ ይሰማል፣ ከኋላው አንዷ መምህርት ስታስል ይሰማል። ጠበቀ። ነርሷ ዕቃ ልታመጣ የሄደች መሰለው፤ ጠበቀ፣ ጠበቀና ሰለቸው።

«መቼ ነው የምትጀምሪው?» አላት።

«ጨርሻለሁ፣ ጋሼ» አለችው በለሆሳስ። «አሥራ አንድ ጊዜ ነካሁህ።»

አላመናትም። ትቀልጃለሽ፣ ድገሚው አላት፤ ደገመችው። በመርፌ አድርጊው አላት፤ ከአንገት ልብሷ ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅላ ወጋችው፤ ዓይኑን ከፍቶ መርፌው ቆዳው ውስጥ ሲገባ እያየ ምንም አልተሰማውም። የሌላ ሰው እግር በሱ ቁርጭምጭሚት ላይ የተሰፋ መሰለው። ስኳር እግር ያደነዝዛል፣ ስኳርህን ተለክተህ ታውቃለህ ስትለው አላውቅም አላት። ምን ያስለካዋል? ሳይታመም! ይኸው ባለፈው ወር አንድ እግር ሰንደል ብቻ አድርጎ ቤት ሲገባ፣ ሚስቱ ሌላውን የት ጥለኸው መጣህ ብላ እንባዋ እስኪፈስ አልሳቀችም? ከስንት ጊዜ በኋላ እሷ ስትስቅ ስላየ ደስ ብሎት እሱም አብሯት ስቆ ነበር።

ያን ጊዜ ነው ግንቡ ትዝ ያለው። ቁልቁለቷን፣ ግንቡን፣ ራሱን መሪው ላይ ተጭኖ ሲረግጥ፣ ሁሉንም እንደ አዲስ አየው። የረገጠው ነገር ድንጋይ ነበር፣ አልሰመጠም። ዘይቱ የፈሰሰ ፍሬን ደግሞ ድንጋይ አይሆንም፤ ባዶውን ወለል ድረስ ይወርዳል። ይህን ማንም ሹፌር ያውቃል፣ እሱማ ለስንቱ አስተምሯል! በዚያች ቅጽበት ልብ አላለውም፣ በኋላም ማንም አልጠየቀውም። እግሩ ፍሬኑን ስቶ አጠገቡ ያለውን ወለል ነው የረገጠው። ወለሉን ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙያው ወለሉን ሲረግጥ መኪናው ተንከባሎ ሄዶ ግንቡን መታ። ቱቦውን የበጠሰው ግንቡ ነው። ብሎን ያለው ሁሉ እውነት ነበር።

«ትናንት ያን ገደል…» ብላ ጀመረች አንዷ መምህርት፣ አልጨረሰችውም። ሁሉም ወደ አውቶቡሱ አዩ። ትናንት በዚያ ገደል አፋፍ ሲመጡ ግማሾቹ ተኝተው ነበር፤ በአባ እርጋታ ተማምነው። አንድ ሰው እንኳን ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ትናንትን ብቻ አይደለም፣ ሁለቱን ወር በሙሉ ቆጠረ፤ ጠዋት የሚያመላልሳቸውን ሕፃናት፣ ዘወትር ከኋላው የምትቀመጠውን እርጉዝ፣ ዓይነ ስውሩን አስተማሪ። ጎንበስ ብሎ አሸዋው ላይ አስመለሰ።

አፉን አብሶ ለድርጅቱ የስምሪት ኃላፊ ደወለና እውነቱን ሳያስቀር ነገረው። ኃላፊው ተተኪ ሹፌር በሌላ መኪና ወዲያው እልካለሁ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መምከር ጀመረ። እግሬን ጠርሙስ ቆረጠኝ በል፣ ደግሞም እውነት ነው። ፈቃድህ በእጅህ ይቆያል፣ ታክመህ ትመለሳለህ፣ ጡረታህ አራት ዓመት ቢቀረው ነው። የግንቡ ነገር ተጣርቷል፣ ፋይሉ ተዘግቷል፤ አሁን ብትከፍተው አንተም እኔም ነን የምንጠየቀው። የሚስትህ ወንድምም ቢሆን ችሎታል፣ ይኸው ከስሶን እንኳን አያውቅም አለው።

ሹፌሩ ስልኩን ዘግቶ የታሰረ ተረከዙን አየ። እውነት ለመናገር፣ ሐሳቡ አማለለው። ጠርሙሱ ቆርጦታል፣ ስድስት ምስክር አለው። ዝም ቢል ስለ ግንቡ ማንም አይጠይቅም። መንዳቱን ግን ምን ሊያደርገው ነው? በሆነ ሰበብ ቢሮ ያስቀምጡኛል፣ አባ እርጋታ እንደተባልኩ እወጣለሁ አለ በልቡ። ስሙ ብቻ ነው የቀረው፣ እሱን ማትረፍ ይችላል። ነርሷ አጠገቡ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች፤ የውሃ ኮዳዋን ሰጠችው።

ተተኪው ሹፌር ደርሶ አውቶቡሱን ሲያስነሳ አባ እርጋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሳፋሪ ሆኖ መምህራኑ መሀል ተቀመጠ። ገደሉ ጋ ሲደርሱ ቁልቁል አየ። ከባሕሩ ሲወጡ ጠርሙስ ነው የቆረጠኝ እያለ በልቡ ሲለማመድ ነበር፤ ገደሉን ሲጨርሱ ይህ ነገር ከአፉ እንደማይወጣ ዐወቀ። ከተማ ሲገቡ ነርሷ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ስኳሩን ለክተው፣ ቁጥሩ ከመጠን በላይ ቢሆንባቸው መለኪያው የተበላሸ መስሏቸው በሌላ ደገሙት፤ ያው ሆነ። ዛሬውኑ ተኛ ሲሉት አንድ ቤት ደርሼ ልምጣ ብሎ ለምኖ ወጣ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር።

ብሎን ጠረጴዛው ላይ ሆዱ የተከፈተ ካውያ ዘርግቶ ተቀምጧል። መፍቻዎቹ በቁመታቸው ተደርድረዋል። እህቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ሆና የተቀደደ ሸሚዙን ትሰፋለች። ባሏ በነጠላ ጫማ፣ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሎ በሩ ላይ ሲቆም መርፌዋ አየር ላይ ቀረ። ብሎን ዓይኑን ሳያነሳ ከወንበሩ ተነሳና ለታላቁ ለቀቀለት። ሹፌሩ አልተቀመጠም። ከጤና ጣቢያው እዚያ ድረስ ሲያሰላስለው የመጣው ረጅም ንግግር ሁሉ ጠፋበት።

«ፍሬኑን አልረገጥኩትም» አለ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የወረደለት፤ ስለ ደሙ፣ ስለ ሣሩ፣ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ስላልሰመጠው ወለል ነገራቸው። ሰኞ ጠዋት ሄጄ ፈቃዴን አስረክባለሁ፣ ቃሌን ቀይሬ እፈርማለሁ፣ የሚመጣውን እችላለሁ አለ። ሚስቱ አንዴ እግሩን፣ አንዴ ወንድሟን ታያለች። ሹፌሩ ቡጢም ቢሆን፣ እርግማንም ቢሆን ለመቀበል አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። ሥራህ ይመለስልሃል፣ እኔ ራሴ አስመልስልሃለሁ አለው ብሎንን።

ብሎን በእጁ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ።

«ያኔ አጥብቄዋለሁ ብዬ የማልኩት ውሸቴን ነበር» አለ። «አላስታውስም ነበር፣ ጋሼ። ያን ቀን ሦስት መኪና ይዤ ነበር። እንጀራዬ እንዳይቀር ማልኩ። አንተ ግን ረግጬዋለሁ አልክ። አንተ ካልክ ደግሞ ረግጠኸዋል። ስለዚህ አላጠበቅኩትም ማለት ነው አልኩ።»

እህቱ ሸሚዙን ጣለች። ታዲያ ጋራዦቹ ሲጠሩህ የቀረኸው፣ ብላ ጀመረች። ብሎን ወደሷ አልዞረም፤ ሁለት መዳፎቹን ዘርግቶ እያያቸው ነው። በነዚህ እጆች ሌላ መኪና ነክቼ ሰው ልገድል? ካውያ ማንንም አይገድልም፣ ለዚህ ነው አለ። ሹፌሩ ከባሕሩ ጀምሮ ሲደነግጥ የዋለ ሰው ነው፤ እንዲህ ግን አልደነገጠም። ሥራውን ብቻ የነጠቀው መስሎት ነበር የመጣው፤ ለካ በገዛ እጁ ላይ ያለውን እምነትም ነጥቆታል። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

በመጨረሻ ብሎን ጠረጴዛውን ዞሮ መጣና ሹፌሩ ፊት መሬት ላይ ቁጭ አለ። ቀና ብሎ ዓይን ዓይኑን ተመለከተው፤ ከሁለት ወር በኋላ ገና አሁን ነው ያየው።

«እንደገና ንገረኝ፣ ጋሼ።»

ሹፌሩ እንደገና ነገረው። ብሎን ከንፈሩን ነክሶ አዳመጠ፣ ሲያልቅም ዓይኑን በክንዱ አብሶ ድገምልኝ አለው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀምር ሚስቲቱ ከአልጋው ወርዳ ወንድሟ አጠገብ ተቀመጠች። ሹፌሩም «ፍሬኑን አልረገጥኩትም፣ ወንድሜ» ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረላቸው።